ስም ያልተጻፈባቸው የተማሪ ፎቶግራፎች
የአሜሪካ ሰላም ጓድ፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልከው ድርጅት፣ ከ1955 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ያሰማራቸው መምህራን ያነሷቸው ስላይዶች፣ ይኸውም ብርሃን አልፎባቸው ግድግዳ ላይ ጎልተው የሚታዩ የቀለም ፊልሞች፣ የትናንሽ ከተሞችን ትምህርት ቤት ከዓመታዊ ሪፖርት ይልቅ አቅርበው ያሳያሉ። ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ በባዶ እግሩ የተሰለፈ ልጅ፣ የለበሰውም እጅጌው ጣቱን የሸፈነ የአዋቂ ኮት፣ ቤተሰቡ ለፊደል ሲል የከፈለውን ዋጋ ይመሰክራሉ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የተማሪ ቁጥር ሠንጠረዥ አይመዘግበውም። የሚያሳዝነው በብዙዎቹ ስላይዶች ላይ ቦታና ዓመት እንጂ የተማሪ ስም አለመጻፉ ነውና፣ ቅጂዎቹ ወደተነሱባቸው ከተሞች ተመልሰው፣ ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እነዚያው ተማሪዎች በሕይወት ሳሉ የራሳቸውንና የጓደኞቻቸውን ስም ከነአባት ስም ሊያስጽፉባቸው ይገባል።