ለቦሎ የተቀባ ሻንሲ

ወረታ ላይ አሮጌ አይሱዙ ያለውን ሰው ስለ ዝገት ብትጠይቁት መልሱ የታወቀ ነው። እኛ አገር በረዶ አይወርድ፣ መንገድ ላይ ጨው አይበተን፤ ዝገት የፈረንጅ አገር መኪና በሽታ ነው ይላችኋል። ወዲያው ደግሞ መድኃኒቱን ይነግራችኋል፦ ክረምት ሊገባ ሲል ላቫጆ ወስዶ የተቃጠለ ዘይት በናፍታ አቅጥኖ ከሥር ማስረጨት፣ ቦሎ ሲደርስ ጥቁር ቀለም ማስቀባት። በሽታው ከሌለ መድኃኒቱ ለምን አስፈለገ?

ጨው የለም የሚለው ነገር ከመነሻው ውሸት ነው። ፈረንጅ ጨውን መንገዱ ላይ ይበትናል፤ እኛ መኪናው ላይ እንጭነዋለን። አገር የሚበላው ጨው በብዛት የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው፤ ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ጭነት በወልድያና በደብረ ታቦር ዞሮ ወረታ ላይ የሚወጣው መንገድ አንዱ መተላለፊያ ነው። ማዳበሪያም ከጅቡቲ ይመጣል። ዩሪያ እርጥበትን ከአየር ይስባል። ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው በጭነቱ ወለል ስንጥቅ ይወርድና በሻንሲው ከንፈርና በባሌስትራው ንጣፎች መካከል ይቀመጣል። ረዳቱ ወለሉን ጠርጎ ይወርዳል፤ ከወለሉ ሥር ገብቶ የሚጠርግ የለም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያ ዱቄት ብረት የሚበላ ውሃ ይሆናል።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳም አለ። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ከመግባታቸው በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ በ1998 ክረምት ሰውን ከቤቱ ያፈናቀለው ጎርፍ የዚሁ ውሃ ነው። ሩዝ እዚህ የለመደው፣ የሩዝ ምርምር ማዕከሉም ወረታ ላይ የተተከለው ውሃው ስለሚተኛ ነው። ለሩዝ የተመቸ መሬት ለብረት አይመችም። ዋልካው ከጎማ ተፈናጥሮ በሻንሲው ሆድ፣ በነዳጅ ጋኑ አናት፣ በፍሬን ቱቦው መያዣ ላይ ይለጠፋል። ከውጭ ሲታይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ብረቱን የያዘው ገጹ ግን ለሳምንታት ርጥብ ነው። ኅዳር ላይ ሩዝ ሊጭን ወደ ቀበሌ የሚወጣው መኪና የሐምሌን ጭቃ ገና አላራገፈም።

የተቃጠለ ዘይት ፈጽሞ አይረባም አልልም። ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ያረፈ ዘይት ውሃን ያርቃል። ላቫጆ ላይ የሚረጨው ግን ብረቱ ላይ ሳይሆን ጭቃው ላይ ነው፤ ያልታጠበ ቁስል ላይ ቡና መነስነስ ማለት ነው። ዘይቱ እርጥበቱን ከሥር አሽጎ ያስቀረዋል፣ በጋ ላይ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። ሞተር ውስጥ ያረጀ ዘይት አሲድም ጥላሸትም አለበት። ናፍታው ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል። የሚረጨው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጓንት የለውም፤ ይህ ዘይት ቆዳ ላይ ሲደጋገም ለካንሰር እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው። የተንጠባጠበው በቦይ አድርጎ ዝቅ ወዳለው ሜዳ ይሄዳል። ስለ ጣና እምቦጭ የጮኽነውን ያህል ስለዚህኛው የጮኸ አልሰማሁም።

ከዘይቱ የሚብሰው ቀለሙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የሚመረመረው ለመንገድ ብቁ መሆኑ እንዲታወቅ ነበር። ባለንብረቱ ግን ምርመራውን እንደ ሠርግ ይዘጋጅለታል፤ የተላጠው ዝገት ሳይነሣ ከላዩ ጥቁር ቀለም ይነፋበታል። መርማሪው ቀና ብሎ ሲያይ የሚያብረቀርቅ ሻንሲ ያያል። ዝገት ከበላው ብረት በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ በሁለት ብረቶች መካከል ሲያድግ ይገፋቸዋል፣ ሪቬቱን ያላላል፣ ቀለሙንም ከሥር ያነሣዋል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያ ማየት የሚሳነው ያስቀባው ሰው ራሱ ነው።

ጉዳዩ የመልክ ቢሆን ኖሮ ባልተናገርኩ። የአይሱዙ ኤንፒአር ፍሬን በዘይት የሚሠራ ነው፤ ዘይቱ በሻንሲው ላይ በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቱቦ ይሄዳል። ቱቦው የሚዝገው መያዣው ሥር፣ ጭቃው በሚቋጥርበት ቦታ ነው፤ የሚፈነዳውም ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወረታ 1,800 ገደማ። በዓለም በር አድርጎ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር ያን 900 ሜትር የሚወርደው በዚያ ቱቦ ተማምኖ ነው።

በያጁም ከወቀሳ አያመልጥም። ሻንሲ ሲሳሳ ላሜራ ደርቦ ዙሪያውን መበየድ ጥገና ተብሎ ይከፈልበታል። ሁለቱ ብረቶች መካከል የቀረው ክፍተት ውሃ ይይዛል፤ በብየዳው እሳት የተለበለበው ጠርዝ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ከዚያው ይሰነጠቃል። የፋብሪካ መመሪያዎች የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር አትብሱ፣ አትበይዱ የሚሉት ሸክሙ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው።

ገንዘብ የለም የሚለው ክርክር ይገባኛል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ማስመጣትን እጅግ ካስወደደ ወዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጥሎ ሌላ መግዛት የሚችል ጥቂት ነው። እንግዲያው ያለውን ማቆየት ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ከገንዘብ ይልቅ ጉልበትና ፀሐይ ነው። ጨው ወይም ማዳበሪያ በወረደ ማግሥት በንጹሕ ውሃ፣ ከሻንሲው ውስጥ ወደ ውጭ ማጠብ። የሻንሲውን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ መክፈት። ጥቅምት ሲገባ ፎገራ ላይ ፀሐይ በነጻ ነው፤ መኪናው ሁለት ቀን ቆሞ ይድረቅ። ከዚያ የተላጠውን በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ እስከ ጤነኛው ብረት ማውረድ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት መቀባት፣ ቀለሙን ከዚያ በኋላ ማስከተል፤ ብሩሽ በማይደርስበት ጥግ ግሪስ መጠቅጠቅ። ለሁለት ዓመት ዘይት ማስረጫ የሚከፈለው ገንዘብ ከዚህ ብዙም የሚያንስ አይመስለኝም።

ምርመራ ጣቢያዎቹም ከዓይን ይልቅ መዶሻ ይጠቀሙ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ቅርፊቱም ይረግፋል። የቀለሙ ሽታ ሳይጠፋ ሻንሲውን አንጸባርቆ የመጣ ባለንብረት ቦሎ ሳይሰጠው ይመለስ፤ ቀለሙን አስፍቆ፣ ብረቱን አሳይቶ ይውሰድ።