በጨው ሜዳ ዳርቻ የቆመ የባሕር ማኅደር

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የኮራል ጉዳይ አይመለከታትም የሚለው አስተያየት የደናክልን ረባዳ ምድር የዘነጋ ነው። ከ120 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውኃ ወደዚያ ዘልቆ ነበር፤ ያን ጊዜ ያደጉት የኮራል አለቶች ዛሬ ደርቀው ቆመዋል።

ኮራል አጽሙን የሚገነባው በውኃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና ካርቦኔት ነው። ውቅያኖስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዛት ሲውጥ ካርቦኔቱ ይመናመናል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የገጸ ውኃው ፒኤች ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል፤ ቁጥሩ ኢምንት ቢመስልም መለኪያው ሎጋሪዝማዊ ነውና የአሲድነቱ ጭማሪ ከሩብ ያላነሰ ነው። አጽሙ ይሳሳል፤ ከሙቀት ንጣት በኋላ መንጋው መልሶ ማገገሙም ይከብዳል።

የደናክል ቅሪት ይህን ጉዳት አያሳይም፤ በዘመኑ የከባቢ አየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ280 ፒፒኤም ብዙም አይርቅም ነበር። ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው፤ ጉዳቱ የሚለካበትን መነሻ ይዟል። አራጎናይቱ ወደ ካልሳይት ካልተለወጠ (ይህን ማጣራት አድካሚ ነው) በአጽሙ የታሰረው የቦሮን አይሶቶፕ ምጣኔ የጥንቱን ፒኤች ይመሰክራል።

በቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሩቅ ባሕር ናሙና ከመመኘት ይህን ቢያስቀድሙ ይበጃል። የጨውና የፖታሽ ፈላጊዎች ዓይንም በዚያው ረባዳ ላይ ነው፤ የተፈለጠ አለት ደግሞ ንብርብሩን መልሶ አያስነብብም።