ከፊውዝ ቱቦ ውስጥ ሽቦው ይውጣ

ምሰሶ ላይ የተሰቀለን ትራንስፎርመር ከ15 ወይም ከ33 ኪሎ ቮልት መስመር ጋር የሚያገናኙት ሦስት ድሮፕ አውት ፊውዞች ናቸው። አንዱ ሲቃጠል የሰፈሩ ገሚስ መብራቱ ይደክማል፤ ነዋሪው ይደውላል፣ አለቃም «ቶሎ ጨርስ» ይላል። የመስመር ሠራተኛው በቦርሳው ትክክለኛውን ሊንክ፣ ማለትም በፊውዙ ቱቦ ውስጥ የሚቀልጠውን ክፍል፣ ካጣ ከቁራጭ ኬብል የመዳብ ሽቦ መዝዞ፣ ጠምዝዞ፣ ቱቦው ውስጥ ይሰካል። መብራት ይመጣል፤ ሰውም ያመሰግናል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው፦ ይህ አሠራር ትራንስፎርመሩን ያለ መከላከያ የሚተው ስለሆነ መቆም አለበት።

ሊንኩ ሲቀልጥ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው የእሳት ቅስት የውስጡን ሽፋን ያተናል። የሚወጣው ጋዝ ቅስቱን ያጠፋዋል፤ ቱቦውም ተላቆ ወደ ታች ይንጠለጠላልና ብልሽቱ ከመሬት ይታያል። ወፍራም ሽቦ ግን በጊዜው አይቀልጥም። እስኪቀልጥ ድረስ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል። አለዚያም የማከፋፈያ ጣቢያው ብሬከር ይወድቅና የአንድ ሰፈር ብልሽት መስመሩን በሙሉ ያጨልማል።

የሊንክ ምርጫ በግምት የሚሆን አይደለም። 200 ኪቪኤ ትራንስፎርመር ሙሉ ጭነት ሲይዝ ከ15 ኪሎ ቮልት መስመር የሚስበው 7.7 አምፔር ያህል ነው፤ በ33 ኪሎ ቮልት ግን 3.5 አምፔር ብቻ። ለአንዱ የተገዛ ሊንክ ለሌላው አይሆንም። በጣም ከጠበበም ችግር አለው፤ ትራንስፎርመር ሲበራ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ከሙሉ ጭነቱ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ሊስብ ስለሚችል ሊንኩ ያንን መቻል አለበት። ፈጣኑ ኬ እና ዘገምተኛው ቲ ዓይነትም ሳይሰላ በአንድ መስመር ላይ ከተቀላቀሉ የትኛው ቀድሞ እንደሚቀልጥ አይታወቅም። ከታች ያለው ፊውዝ ጉዳቱን ቆርጦ የሚጨርስበት ጊዜ፣ ከላይ ያለው መቅለጥ ከሚጀምርበት ጊዜ ከ75 በመቶ መብለጥ የለበትም።

በጨረታ ሰነዶች ችላ ሊባል የማይገባው ደግሞ ከፍታ ነው። የዕቃዎቹ የኢንሱሌሽን ደረጃ የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀጭን አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳልና፣ ለደጋ አገር የሚገዛ ድሮፕ አውት ከፍ ያለ የኢንሱሌሽን ደረጃ ሊኖረው ይገባል።

አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይሻል። የሊንኩ ጭራ ሳይላላ ተወጥሮ ይታሰር፤ ትርፉ ይቆረጥ። ቱቦው በራሱ ክብደት እንዲወድቅ መያዣው ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይተከል። በሆት ስቲክ ሲዘጋ በአንድ ጽኑ ግፊት ይዘጋ፤ ጋዙና ፍንጣሪው ወደ ታች ስለሚወጣ ከሥሩ ማንም አይቁም።

ሽቦ የሰካውን ሠራተኛ ብቻ መውቀስ ፍርድን ማዛባት ነው። ባዶ መጋዘን ይዞ ሠራተኛ ወደ ምሰሶ የሚልክ ኃላፊ ይቀድማል፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ የትራንስፎርመሩ ኪቪኤ እንዲሁም የሊንኩ አምፔርና ዓይነት ይጻፍ፤ የጥገና መኪናም እነዚህን ሊንኮች ሳይጭን አይውጣ። የትኞቹ ምሰሶዎች ሽቦ እንደገባባቸው ሠራተኞቹ ያውቃሉ። ቅጣት ሳይፈሩ ዝርዝሩን እንዲሰጡ ይፈቀድላቸው፤ መብረቅና የሚወድቅ ቅርንጫፍ ከሚበዛበት ክረምት በፊትም ሽቦው ሁሉ በሊንክ ይተካ።