«ዕድሜ ጠግባ ነው» አትበሉት

አያቴ በ84 ዓመቷ ስትሞት እኔ 19 ዓመቴ ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ሌሊት ሲነፋ የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ጎህ ሳይቀድ ድንኳኑ ተተከለ። እናቴ ዓረብ አገር ስለነበረች ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ በአንዲት የቀበሌ ክፍል፣ በአንድ አልጋ። ለቅሶ ደራሹ ግን እጄን ይዞ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተችው፤ ይኼ አያስለቅስም።» ከዚያ አግዳሚ እንዳመጣ ይልከኛል። አጎቶቼና አክስቶቼ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው «እግዜር ያጽናችሁ» ይባላሉ። እኔ ንፍሮ አዞራለሁ፣ እጅ አስታጥባለሁ። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ፤ በሰልስቱ ድንኳኑ ሲነሳ እንኳ ገመዱን የፈታሁት እኔ ነበርኩ።

በሰፈራችን «አያት ያሳደገው» ማለት የተሞላቀቀ ልጅ ማለት ነው። በዚህ ስም ሲጠሩኝ የኖሩ ሰዎች በለቅሶዋ ቀን ማን እንዳሳደገኝ ረሱት።

«ዕድሜ ጠግባ ነው» የሚለው ቃል ለምን እንደሚባል አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር የአዲስ አበባ እናቶች የልጆቻቸው ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ አይተዋል፤ ማልቀስ ተከልክለዋል። ያንን ላየ ትውልድ አርጅቶ፣ ታሞ፣ በልጅ እጅ መቀበር ጸጋ ነው፤ «ተመስገን» ቢባልበት አይፈረድም። ምስጋናው ግን ለሟች ነው። የቀረው ልጅ ምን አጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሐዘንን በሟች ዕድሜ የምንለካ ከሆነ የምናዝነው ለሰውዬው ሳይሆን ሳይኖራቸው ለቀሩት ዓመታት ነው ማለት ነው። እኔ ያለቀስኩት አያቴ ሳትኖራቸው ስለቀሩ ዓመታት አልነበረም። ማታ በሩን ስከፍት «መጣህ?» የሚል ድምፅ ስለጠፋ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ሟች ስንት ዓመቱ ነበር ብሎ አይጠይቅም። እኛ ግን ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆመን መጀመሪያ የምንጠይቀው ዕድሜውን ነው፤ ቁጥሩ ከ80 ካለፈ የልጅ ልጁ የማልቀስ መብት ያለቀ ይመስለናል።

ዛሬ ነገሩ ከብዷል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ የፒያሳን ሰፈሮች ሲያፈርስ አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ከተማው ዳር ተበተኑ። በኔ ጊዜ ቢያንስ አያቴ ቡና ስትወቅጥ የሚያውቋት ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ፤ ባይሰሙኝም ያውቋታል። ዛሬ አያቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትሞትበት ወጣት ግን ለቅሶ የሚደርሰው አያቱን ሁለቴ ያላየ ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ይዞ የሚመጣው ይህንኑ «ዕድሜ ጠግባ ነው» የሚል ቃል ከሆነ ልጁ ስለ አያቱ የሚያወራለት ማንም የለውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ለቅሶ አግዳሚ የሚያመላልሰውን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ሸክሙን ተቀበሉት፣ ፍራሹ ላይ ቦታ ልቀቁለት፣ «እግዜር ያጽናህ» በሉት። ከዚያ አያቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር ጠይቁት።