ከጨዋታው በስተጀርባ

ሕጉን የማናውቀው ጨዋታ በፊልም ሲቀርብ ለምን ይስበናል? ቤዝቦልን አብዛኞቻችን ተጫውተነው አናውቅም። ሆኖም ስለዚህ የአሜሪካውያን ጨዋታ ከተሠሩት ፊልሞች አንዳንዶቹ ባልንም ሚስትንም እኩል ያስለቅሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን «ፊልድ ኦፍ ድሪምስ» የተባለውን ፊልም እንመልከት። ኬቪን ኮስትነር የሚተውነው ገበሬ የበቆሎ ማሳውን ከፊል አርሶ ገልብጦ የቤዝቦል ሜዳ ይሠራበታል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ የጨዋታውን ሕግ ባያውቅም፣ የቆመ በቆሎ መገልበጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዕዳ ይጫነዋል፤ ሚስቱ ግን ከጎኑ አትለይም። በመጨረሻም በዚያ ሜዳ ላይ፣ ሳይታረቁ ከሞተው አባቱ ጋር ኳስ ይቀባበላል። ሙታን የሚመለሱበት ምናባዊ ታሪክ ስለሆነ የእምነት ትምህርት አንቀዳበትም፤ የልጁ ጸጸት ግን እውነተኛ ነው።

የእኛውን የአበበ ቢቂላን ታሪክ የሚተርከው «አትሌቱ»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴቪ ፍራንክልና ራሴላስ ላቀው ያዘጋጁት ሲሆን፣ አበበን ሆኖ የሚተውነው ራሴላስ ራሱ ነው። አበበ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን። ፊልሙ ልብ የሚይዘው ግን በ1969 የመኪና አደጋ እግሮቹን ካሳጣው በኋላ ያለውን ሲያሳየን ነው። ሩጫ ሥራውም ስሙም የነበረ ሰው መቆም ሲያቅተው ማን ሆኖ ይቀራል? አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ እሽቅድምድም ተሳተፈ። በየቤታችንም ሥራውን ያጣ ባል፣ ጤናዋን ያጣች ሚስት ይህንኑ ጥያቄ በዝምታ ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ጥሩ የስፖርት ፊልም የሚስበን በውጤቱ አይደለም። ያለ ጨዋታው ልንናገረው የሚከብደንን ነገር ስለሚናገርልን ነው።

ስለዚህ ባለትዳሮች፣ ፊልሙ ሲያልቅ ለመተኛት አትቸኩሉ። «የቱ ቦታ ላይ ልብህ ተነካ? አንቺስ?» ተባባሉ። ባልየው ስለ አባቱ መናገር ከጀመረ ሚስት ታድምጠው፤ ሚስት ስላጣችው ነገር ካነሳች ባል ምክር ለመስጠት አይጣደፍ። ከአባቱ ጋር ተኳርፎ የሚኖር ካለ ደግሞ፣ አባቱ በሕይወት ሳለ ምናባዊ ሜዳ አያስፈልገውም። ዛሬውኑ ይደውል፤ ቅርብ ከሆነም ሄዶ ይቅር ይባባል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።