ንግዱ እውነተኛ ካልሆነ ተልእኮውም አይሆንም



«ንግድ እንደ ተልእኮ» የሚባለው አሠራር፣ ማለትም ክርስቲያኖች በሌላ አገር ትርፍ የሚያስገኝ ድርጅት አቋቁመው በዚያው ሥራቸው ወንጌልን የሚያገለግሉበት መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በታይላንድ ፓታያ በተካሄደው የሎዛን የዓለም ወንጌል ስርጭት መድረክ ራሱን የቻለ የውይይት ርእስ ከሆነ ወዲህ በወንጌላውያን ዘንድ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። የሚሲዮናዊ ቪዛ የማይሰጡ አገሮች ጥቂት ስላልሆኑ የንግድ ፈቃድ እንደ መግቢያ በር መታየቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ንግዱን መሸፈኛ ብቻ የሚያደርግ አካሄድ ከማንም በፊት የሚጎዳው ተልእኮውን ራሱን ነው።

ለአሠራሩ ዘወትር በምስክርነት የሚጠራው ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደተመለከተው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ በሙያው እያደረ የሚያገለግል ሰው «ድንኳን ሰፊ» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ጳውሎስ የሠራው በምእመናን ላይ ሸክም ላለመሆን እንጂ ማንነቱን ለመሸሸግ አልነበረም፤ በዚያችው ከተማ በየሰንበቱ በምኩራብ በግልጽ ይከራከር ነበር።

በኋለኛው ዘመን ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የባዝል ሚሲዮን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 በስዊዘርላንድ የተመሠረተው ይህ ማኅበር በ1859 የንግድ ኩባንያ አቋቋመ። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የተጠመቁ ሰዎች ከዘር ማኅበራቸው ተገልለው እንጀራቸውን ያጡ ስለነበር የሽመና ቤቶች፣ ከ1865 ጀምሮም በማንጋሎር የጣራ ሸክላ ፋብሪካ ተከፈተላቸው፤ በዛሬዋ ጋና ደግሞ ሌሎች የአውሮፓ ነጋዴዎች ከአልኮል መጠጥ ሽያጭ ሲያተርፉ ኩባንያው በዚህ ንግድ አልገባም አለ። እዚህ ላይ ንግዱ ከስብከቱ ተለይቶ የሚቆም ነገር አልነበረም፤ የሚሸጠውና የማይሸጠው ራሱ ይናገር ነበር። በሌላ በኩል ቀጣሪውና ሰባኪው አንድ በሆኑበት ቦታ ለጥምቀት የሚመጣው ሰው እምነት ፈልጎ ይሁን ደመወዝ መለየት አስቸጋሪ መሆኑን ይኸው ታሪክ ያስተምራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የኢየሩሳሌሙ ፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ባሰቡት መሠረት በባዝል አቅራቢያ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ባለእጆች ወደ አገሪቱ መጡ፤ ዓላማውም በእጅ ሙያቸው እየኖሩ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዲያሰራጩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከቃላቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ፤ በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት የመድፍ ማቅለጫ ሆነ፤ ወደ መቅደላ የተወሰደው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም ከዚያ ወጣ። በሙያው የገባ ሰው በሙያው ስለሚፈለግ፣ ምን እንደሚያመርትና ለማን እንደሚያመርት ከጅምሩ ካልወሰነ ውሳኔው ከእጁ ይወጣል። የባዝል ኩባንያ አልሸጥም ለማለት ነጻነት ነበረው፤ የጋፋት ባለእጆች ይህ ነጻነት አልነበራቸውም።

ስለዚህ ነጋዴን በተልእኮ የምትልክ ቤተ ክርስቲያን ከመላኳ በፊት ልታረጋግጣቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ድርጅቱ እውነተኛ ዕቃና እውነተኛ ደንበኛ ያለው፣ ግብሩን የሚከፍልና የሠራተኛውን ደመወዝ የማያጓድል፣ ቅጥርንም በእምነት የማይለካ መሆን አለበት፤ ባለቤቱም ስለ እምነቱ ሲጠየቅ የማይዋሽ ሰው ሊሆን ይገባል። ደንበኛ የሌለው ሱቅ በተነቃበት ቀን የውጭ አገሩ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል፤ ጥርጣሬው ግን በአገሩ ምእመናንና ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሐቀኛ ነጋዴ ላይ ይቀራል።