ዋልያዎቹ ዳግመኛ ቢሰባሰቡ

የተበተነ ባንድ ዳግመኛ ተሰባሰበ በተባለ ቁጥር የአፍቃሪ ልብ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «እሰይ፣ ለዚህ ላደረሰን!» ይላል፤ ግማሹ «ምነው በነበረበት በቀረ» ብሎ ያጉረመርማል። እኔም ከእነዚህ ባለ ሁለት ልቦች አንዱ ነኝ። የዋልያስ ባንድ ስም በተነሳ ቁጥር ሁለቱ ልቦቼ ይካሰሳሉ። ዛሬ ተራ በተራ ላናግራቸው፤ አንባቢ ሽማግሌ ሆኖ ይፍረድ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ዋልያስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም የክብር ዘበኛን ወይም የፖሊስ ሠራዊትን መለዮ የለበሰ ኦርኬስትራ አልነበረም። የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው፣ ከሆቴልና ከክለብ ጋር ራሳቸው እየተዋዋሉ የሚሠሩ ወጣቶች ስብስብ ነበር። ለዓመታት በሂልተን ሆቴል ተጫወቱ። በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘውን፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ አወጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሯቸው ተጫውቶበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የምትባለው ዜማ ከዚያ ሸክላ ተነስታ ባሕር የተሻገረች ናት፤ የውጭ አገር ባንዶችም ተቀብለው ተጫውተዋታል።

ዓመቱን ልብ እንበል። 1977 የቀይ ሽብር ዘመን ነው። የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ግጥም የሌለው ዜማ ደግሞ ሳንሱር የሚይዘው ቃል የለውም። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንናፍቀው ድምፅ ከፊሉ በር ተዘግቶበት ያደረ ሕዝብ የጨፈረበት ድምፅ ነው። «ያ ዘመን ቢመለስልን» የሚል አፍቃሪ ሁሉ የቱን እንደሚመኝ ቆም ብሎ ቢያስብ ደግ ነው። ዜማውን እንጂ ሌሊቱን የሚመኝ ያለ አይመስለኝም። ዜማውን ከሌሊቱ ነጥሎ መመለስ ይቻላል ወይ? የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ከዚህ ይነሳል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የራሴ የጆሮ ጉዳይ ነው። እኔ ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሂልተንን በልጅነቴ በሩንም አላየሁት። ዋልያስ ወደ እኛ ቤት የመጣው በካሴት ነበር፤ ያውም ከቅጂ በተቀዳ ካሴት። የባትሪው ጉልበት ሲደክም ኦርጋኑ ይጎተታል፤ ሳክስፎኑ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። እኛም ያንን መጎተት የዜማው አካል አድርገን ወደድነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የጠራውን ቅጂ ስሰማ ጥራቱን እያደነቅሁ፣ ያ መጎተት ግን ናፈቀኝ። እንግዲህ ባንዱ ዛሬ ተሰባስቦ በጠራ ድምፅ ቢጫወት፣ እኔ የምናፍቀውን ማን ይጫወትልኛል? የናፈቅሁት እኮ እነሱ ያልተጫወቱት ነገር ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ አሜሪካን በዚያ መልክ ሲዞር የመጀመሪያው ነበር። አዳራሾቹን የሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካዊው ሳይሆን አገሩን ጥሎ የወጣው ወገናችን ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ብዙ ባንዶች በገንዘብ ወይም በክብር ይጣላሉ። ይህን ባንድ የከፈለው ግን ጠብ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ የከፈለው ያው «ልመለስ ወይስ ልቅር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው የዋልያስን መሰባሰብ ስናስብ የሙዚቃ ዝግጅት ብቻ የማይታየን፤ በየቤታችን ያልተመለሰ ወንድም፣ ያልተመለሰች እኅት አለች።

ቀጥሎ የሆነውን የሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ያወጣው «ሸሞንሟናዬ» ካሴት፣ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት በብራያን ሺምኮቪትዝ እጅ ገባ፤ በ2013ም ለዓለም ታተመ። በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ግርማ በየነም ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ያሳተመው ሥራ የ«ኢትዮፒክስ» ሠላሳኛ ቅጽ ሆነ።

ደስ ብሎኛል። ቅሬታዬን ግን አልሸሽግም። ስለ ኃይሉ የተጻፈውን ስታነቡ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚጀምረው ከታክሲው ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር። ታሪኩ እውነት ነው፤ ውብም ነው። ነገር ግን ዜማውን ጋረደው። በኩባም እንዲሁ ሆኗል፤ የቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለቡ ኢብራሂም ፌሬር ጫማ ይጠርግ እንደነበር የሚያውቀው ሰው ከዘፈኖቹ ሦስቱን በስም ከሚጠራው ሰው ሳይበልጥ አይቀርም። የዓለም አድማጭ አንጋፋውን ሲቀበል መጀመሪያ መከራውን ይጠይቃል። እኛ ደግሞ በዓለም አድማጭ አፍ እስኪነገረን ድረስ እንጠብቃለን። ያ ካሴት የተገኘው ባሕር ዳር እንጂ ፓሪስ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። በአማርኛችን ዘፋኝን «አንቱ» አንልም። በሰማንያ ዓመቱም «ማሕሙድ ዘፈነ» እንላለን እንጂ «ማሕሙድ ዘፈኑ» አንልም። ንቀት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ያቺ «አንተ» ግን ዕዳ አላት። አንተ የተባለ ሰው እንዲያረጅ አልተፈቀደለትም። መድረክ ላይ ሲወጣ የምንጠብቀው የሸክላውን ሽፋን ወጣት ነው፤ ጣቱ ቢዘገይ፣ ድምፁ ቢሰነጠቅ እንደ ተከዳ ሰው እናኮርፋለን። ምናልባት አንጋፋን ማድመጥ ማለት በልብ «አንቱ» ብሎ መጀመር ይሆናል።

መኪና ግርግር ላይ ልብስ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ፤ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። «ልጄ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ያረጀ ኮት ይገለበጣል። ውስጡን ወደ ውጭ አድርገህ ብትሰፋው ለጊዜው አዲስ ይመስላል። የደረት ኪሱ ግን በሌላው ጎን ይገኛል፤ እጅህ በለመደው ይሄዳል፣ አያገኘውም። የተሰባሰበ ባንድም እንደዚያ ነው።» መልስ አጥቼ አልቀረሁም። «አባባ፣ የተገለበጠውም ኮት እኮ ብርድ ይከላከላል» አልኋቸው። ሳቁ፤ አልተረቱም። እኔም አልረታሁም።

የምዕራቡ ዓለም ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጥቷል። ሌድ ዘፕሊን በታኅሣሥ 2007 ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ተሰባሰቡ፤ በ1980 በሞተው ከበሮ መቺያቸው ቦታ ልጁ ጄሰን ቦናም ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዓለምን አልዞሩም። አባ ደግሞ በ2022 እዚያው ለንደን በኮምፒውተር የተሠራ የወጣትነት አምሳላቸውን መድረክ ላይ አቆሙ። የመጀመሪያው ሞትን አምኖ ወንበሩን ለልጅ ሰጠ፤ ሁለተኛው እርጅናን ከመድረክ አባረረ። ምረጥ ብባል የልጁን ወንበር እመርጣለሁ።

ምርጫዬ ከጁገል ግንብ የተማርሁት ሳይሆን አይቀርም። በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ ግንቧ ስንት ጊዜ ተንዶ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ ድንጋዩን አይቶ መለየት ይቻላል። በኤረር በር የሚገባ የሚወጣው ሕዝብ ግን «የትኛው ድንጋይ የአሚር ኑር ነው?» ብሎ አይቆምም። ግንብ ግንብ የሚሆነው በውስጡ ሰው ሲኖር ነው። ባንድም እንዲሁ ይመስለኛል፤ የጎደለውን ወንበር ወጣት ቢሞላው ዋልያስነቱ አይፈርስም፤ የሚፈርሰው ሁሉም የ1977ቱን ሸክላ ብቻ እንዲደግሙ ስናስገድዳቸው ነው።

ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። የምሥራቁ ድምፅ ዓሊ ቢራ፣ ከድሬዳዋው አፍራን ቀሎ ተነስቶ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ የዘፈነው፣ በኅዳር 2022 አረፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አለማየሁ እሸቴ ሄደ፤ በ2016 ጌታቸው መኩሪያ። እነዚህን ሰዎች በአንድ መድረክ የማየት ጉዳይ ከእንግዲህ አከራካሪ አይደለም፤ መልሱ ተዘግቷል። ማሕሙድ አሕመድ በ2025 መጀመሪያ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣ በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። ከሐረር አዲስ አበባ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አልሄድሁም። ያ ስም ግን፣ «ስንብት» የሚለው፣ ልቤን ነካው። መሰባሰብ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ሊያባብል ይችላል። ስንብት ግን ዘመን ማለፉን ፊት ለፊት ይነግረናል፤ አድማጩም የሚሰማውን ድምፅ እንጂ የሚያስታውሰውን አይጠይቅም።

እንግዲህ ሁለቱን ልቦቼን ላስታርቅ። የቀሩት ዋልያዎች አንድ ቀን ተሰባሰቡ ቢባል፣ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማስታወቂያው ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ሳይሆን የቤዝ ተጫዋቹም፣ የከበሮ መቺውም፣ የትንፋሽ ተጫዋቾቹም ስም ይጻፍ፤ ከእነዚያ ካሴቶች ጀርባ ስማቸው ሳይጻፍ የቀረው ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ በሕይወት የሌሉት ወንበር በዝምታ አይሸፈን፤ ስማቸው ይጠራ፣ ቦታቸውም ለወጣት ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንድ አዲስ ዜማ ይጫወቱልን። «ላላ በሉ»ን ስሰማ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ኃይሉ በሰባዎቹ ዕድሜው የቀድሞውን ኃይሉ አልቀዳም፤ የዘገየውን ጣቱን በዘገየ ውበት ተጠቀመበት። ያ እኔ ካሴት ላይ ከወደድሁት መጎተት ጋር ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ከባትሪ ድካም ሳይሆን ከዕድሜ የመጣ መሆኑ ነው።

ዋልያ በሰሜን ተራሮች ብቻ የቀረ፣ ቁጥሩ የተመናመነ እንስሳ ነው። ባንዱ ስሙን ሲመርጥ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን እንጃ። ዋልያን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን መንጋው ስለሳሳ «በነበረበት ዘመን ካልሆነ አላይም» ብሎ አይመለስም። ያሉትን ያያል፤ ገደሉ ላይ እንዴት እንደሚቆሙ ያደንቃል፤ የጎደሉትንም ያስባል።

ሐረር፣ ኤረር በር